እምቢ የማይባልበት ቦታ

ካውያን ለምታውቋት ሰላምታዋን፣ ለማታውቋት ደግሞ እሷን ራሷን ይዤላችሁ መጥቻለሁ። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ስትተኩስ የሚያዩዋት ጓደኞቿ ግን ካውያ አሏት፣ በዚያው ቀረ። የተጨማደደ ነገር አትወድም። ሁለት ሰው ከተጣላ መሃል ገብታ ካላስተካከለች እንቅልፍ አይወስዳትም። ያለአግባብ የነካካት ደግሞ ጣቱን እየነፋ ይመለሳል።

የምትወደው ሰው ኮሌታ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ ፊቱን ከማየቷ በፊት የምታውቀው የሸሚዙን ኮሌታ ነበርና። መንገድ ሊሠራ ከትልቁ ከተማ የመጣ መሐንዲስ ነው። ቤተሰቦቹ ባለ ፎቅ፣ ባለ መኪና ናቸው። እሷ ከእናቷ ጋር በአንዲት ክፍል የምትኖር ልብስ ተኳሽ ናት። ከተዋደዱ አንድ ዓመት አለፋቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን “እናቴ” የሚለው ቃል ከአፉ በወጣ ቁጥር ዓይኑ ወደ ሌላ ቦታ ይሸሻል። ካውያ ይህን ታያለች፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ትላለች። ሰው ሲወድ የሚያየውን ሁሉ አይናገርም። እኔ ግን ተራኪ ነኝና ዝም ማለት አልችልም።

ነገሩ የተጀመረው በላውንደሪው ጓዳ ነው። ሥራ አብቅቶ፣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ግድግዳው ገና እንደሞቀ አራት ጓደኛሞች በልብስ ቅርጫቶች ላይ ተቀምጠው ነበር። ካውያና ኮሌታን አስተዋውቄያችኋለሁ። ሦስተኛዋ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ ከካውያ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ያደጉ፣ አፏ በር የሌለው ልጅ። አራተኛው የነርሷ ታላቅ ወንድም፣ ሾፌሩ ነው። ዝምተኛ ነው፤ እህቱ የሁለቱንም ድርሻ ስለምታወራ ይመስለኛል። በመንገድ ሥራው መኪና ላይ ሾፌር አድርጎ ያስቀጠረው ኮሌታ ስለሆነ፣ ኮሌታ “ዝለል” ቢለው “የት ድረስ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

የሚማከሩት ቅዳሜና እሁድን በትልቁ ከተማ ስለማሳለፍ ነበር። እነዚህ ሰዎች አብረው ሲጓዙ አንድ ሕግ አላቸው። እያንዳንዱ አንድ ቦታ ይመርጣል፤ በዚያ ቦታ ላይ ማንም እምቢ ማለት አይችልም። ሕጉን ያወጣችው ነርሷ ናት፤ መጀመሪያ አብረው የሄዱ ጊዜ በየመንገዱ ሲጨቃጨቁ ምንም ሳያዩ ስለተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ አንዴ የጎማ መጋዘን ወስዷቸው ግማሽ ቀን ጎማ ሲያሸቱ ውለዋል። እምቢ ያለ አልነበረም።

“እኔ ጫማ ቤት!” አለች ነርሷ ማንም ሳይጠይቃት። “ያ የሚንቀሳቀስ ደረጃ ያለው ሕንፃ ላይ።”

“ስንት ጫማ ልትገዢ ነው?” አላት ወንድሟ።

“ማን ይገዛል አለህ? ልሞክር ነው። መደርደሪያውን በሙሉ ሞክሬ፣ ‘ይቅርታ ጠበበኝ’ ብዬ እወጣለሁ።”

ሾፌሩ ስታዲየም መረጠ። ጨዋታ አለ ወይ ሲሉት፣ “ባይኖርም። ባዶውን ማየት እፈልጋለሁ” አለ። ኮሌታ ከረጅሙ ፎቅ አናት ላይ ወጥተው ሻይ እንዲጠጡ መረጠ። ከዚያ ሦስቱም ወደ ካውያ ዞሩ።

ካውያ እጇ ላይ የነበረውን ፎጣ አራት ጊዜ አጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና አጠፈችው።

“እኔ የምመርጠው የእናትህን ቤት ነው” አለችው ለኮሌታ።

የሚቀዘቅዘው የማሽኑ ቱቦ ጭ...ጭ... ይላል። ኮሌታ ሳቀ፤ መጀመሪያ በጥርሱ ብቻ፣ ቆይቶ ደግሞ በፊቱ ሁሉ።

“ሕግ ሕግ ነው” አለ። “እሁድ ምሳ እናቴ ቤት ነን።”

ካውያ ፎጣውን ፊቷ ላይ አደረገችው። ላብ የምትጠርግ መስሏቸው ነበር።

በሳምንቱ መሃል ኮሌታ ወደ ላውንደሪው ብቅ አለ። ካውያ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

“ስለ እሁድ እንዳትጨነቂ” አላት።

“አልተጨነቅኩም። ብቻ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎኛል።”

“እናቴ ልቧ ደካማ ነው። ድንገተኛ ነገር አትችልም።”

“ነገርካቸው?”

“ሁሉንም አመቻችቻለሁ። አንቺ ብቻ ፈገግ በይ፤ የቀረውን ለእኔ ተይው።” ከተሰቀሉት ሸሚዞች መሃል ሰማያዊውን አወረደ። “እሁድ የምለብሰው ይህን ነው።”

ሰማያዊውን! ያገናኛቸው እኮ ይህ ሸሚዝ ነው። ያኔ ኮሌታው ሳስቶ፣ ጠርዙ ተበልቶ ነበር። ካውያ ማንም ሳያዛት ኮሌታውን ፈትታ ገለበጠችው፤ ያልተነካውን ጎን ወደ ውጭ አድርጋ በእጇ ሰፋችው። የሸሚዙ ባለቤት በማግስቱ መጥቶ “ይህን የሠራው ማን ነው?” ሲል፣ የምትባረር መስሏት “እኔ ነኝ” አለች። እሱም ሸሚዙን ይዞ ቆመና፣ “ሳልለምነው እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም” አላት። ፍቅር ከዚህ ባነሰም ይጀመራል። አሁን ደግሞ ያንኑ ለብሶ እናቱ ፊት ሊያቆማት ነው! ካውያ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ማታ ለእናቷ ስትነግራቸው እናቷ ቀሚሷን እያሳጠሩላት ነበር። ምራቅ የዋጡ ሴት ናቸው። መርፌውን ሳያቆሙ፣

“ነገርኳቸው አለሽ፣ ወይስ አመቻቸሁ አለሽ?” ሲሉ ጠየቋት።

“ያው ነው እኮ እማዬ።”

“ያው ከሆነስ ጥሩ” አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ካውያ የዚያን ቀን በእናቷ ተቀየመች። ሰው በደስታው መሃል ጥያቄ የሚያነሳበትን አይወድም።

ቅዳሜ ነርሷ ጫማውን ሁሉ ሞከረች፤ በመጨረሻ ሻጯ ራሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሾፌሩ ባዶውን ስታዲየም በአጥሩ ቀዳዳ አየ፣ “አረንጓዴ ነው” አለ፣ ጠገበ። ፎቁ አናት ላይ ሻይ ሲጠጡ ኮሌታ ለካውያ ከተማውን በጣቱ እያሳየ፣ “ያ የተማርኩበት ነው፣ ያ አባቴ የሠራው ሕንፃ ነው” ይላታል። እሷ የምታየው ግን ጣቱን ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ ሆና ከእንግዲህ የምትወድቅበት ቦታ ያለ አልመሰላትም።

እሁድ ምሳ ሰዓት ደረሰ። የኮሌታ እናት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር በደረጃ ወጡ። በሩን እናቱ ራሳቸው ከፈቱ፤ ቀጥ ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ጉንጩን ሳሙት። ቀጥለው የካውያን እጅ በአንድ እጃቸው፣ የሾፌሩን እጅ በሌላው ያዙና፣

“እጮኛሞቹ እናንተ ናችሁ! ልጄ በስልክ ነግሮኛል። እንኳን ደስ ያላችሁ” አሉ።

ካውያ ወደ ኮሌታ ዞረች። ኮሌታ የግድግዳ ሰዓቱን ያያል። ወደ ሾፌሩ ዞረች። ሾፌሩ ፊቷን ሲያይ ደነገጠ፤ ከንፈሩ “አላወቅሽም እንዴ?” አለ፣ ድምፁ ግን አልወጣም። “ነግሬያታለሁ፣ ተስማምታለች” ብሎት ነበር ኮሌታ።

“ወንድሜ መቼ ነው...” ብላ ነርሷ ጀመረች፤ ከወንድሟ ዓይን ጋር ስትጋጭ እንደታፈነ ሰው ሳለች።

ካውያ ምን ትበል? የሰው ቤት በር ላይ ናት። እናትየው ልባቸው ደካማ ነው ተብላለች። “አንቺ ብቻ ፈገግ በይ” ተብላለች። ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ ፈገግታ ፊት ላይ ሲቀመጥ ከታች ያለው ሁሉ ይታመማል።

ገበታው ላይ ሩዝ፣ ዶሮና ሰላጣ ነበር። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፏል። እናትየው ሾፌሩንና ካውያን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው፣ ልጃቸውን ከማዶ አደረጉት።

“እስቲ ንገረኝ ልጄ” አሉት ሾፌሩን፣ “እንዴት ተዋወቃችሁ?”

መዋሸት የማይችል ሰው ማን ነው ሲባል የሚጠራው ሾፌሩ ነው። የፈጠራ ታሪክ የለውም። የሚያውቀው የፍቅር ታሪክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮሌታ በመኪና ውስጥ ደጋግሞ ያጫወተው ነው። ምን ያድርግ፣ ያንኑ አወጣው።

“ሸሚዝ ላውንደሪ ሰጥቼ ነበር” አለ ሳህኑን እያየ። “ኮሌታው አልቆ... ገልብጣ ሰፋችልኝ። ሳልለምናት። ከዚያ ሄጄ፣ ሳልለምነው እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም አልኳት።”

ኮሌታ ሹካውን አስቀመጠ። የገዛ ፍቅሩ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ቁጭ ብሎ ይሰማል። “የእኔ ነው” ሊል ይችል ነበር። ካውያ በልቧ ፈጣሪን እየለመነች ጠበቀችው። ሁለት ቃል ናት፤ ሩዝ ከሚጎርሱባት ጊዜ ታንሳለች። እሱ ግን ውሃ ቀዳ።

እናትየው መነጽራቸውን አደረጉ። ሾፌሩን አዩት፤ አንገተ ክብ ቲሸርት ለብሷል። ሁልጊዜም የሚለብሰው እሱን ነው፤ በዕድሜው ኮሌታ ያለው ልብስ ገዝቶ አያውቅም። ከዚያ ከማዶ ያለውን ልጃቸውን አዩት፤ ሰማያዊውን ሸሚዝ፣ የተገለበጠውን ኮሌታ፣ የእጅ ስፌቱን።

“አንተስ?” አሉት። “አንተን እንዲህ የምታይህ ሴት የለችም?”

“እኔን አሁን የሚያሳስበኝ ሥራዬ ነው እማዬ” አለ ኮሌታ።

ካውያ ዶሮውን ቆረጠች። መቁረጥ የምትችለው ነገር እጇ ላይ በመኖሩ ደስ አላት።

ምሳው ሲያበቃ ሌሎቹ በረንዳ ወጡ። እናትየው የጠረጴዛውን ልብስ አራግፈው፣ “ልጄ፣ አንድ ጫፍ ያዥልኝ” አሏት። ሁለቱ ሴቶች ጨርቁን በአራት ማዕዘኑ ወጠሩት። አጠፉት፤ ተጠጋጉ። እንደገና አጠፉት፤ የበለጠ ተጠጋጉ። ጣቶቻቸው ሲገናኙ እናትየው ጨርቁን አልለቀቁላትም።

“የሰፋሽው የማንን ኮሌታ ነው?” አሏት ቀስ ብለው።

ካውያ የጨርቁን እጥፋት በአውራ ጣቷ ዳመጠች።

“አትንገሪኝ። ዓይን አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሸሚዙን ስገዛለት የኖርኩት እኔ ነኝ።” አንገታቸውን ነቀነቁ። “ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?”

“እኔ አላደረግኩም እማማ። በሩ ላይ ነው የሰማሁት።” ከዚያ አፏ አመለጣት። “ልብዎ ደካማ ነው ተብዬ ነበር።”

“ልቤ?” አሉ እናትየው። “ዛሬ ጠዋት የገበያ ቅርጫቴን ተሸክሜ ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት በማን ልብ ነው?” እጇን ያዙት። “አልዋሽሽም ልጄ። ቢነግረኝ ደስ አይለኝም ነበር። አኮርፍ ነበር። ምናልባት አለቅስም ነበር። እናት ለልጇ የምታልመው አያልቅም። ከዚያ ግን ይወጣልኛል፤ ቀሚስ አሰፋልሽ ነበር። አምና ‘የምትወዳት ካለች አምጣት፣ ማንነቷን አልጠይቅህም’ ብዬዋለሁ። ‘ማንም የለችም’ አለኝ። ማኩረፉን እንኳ ከለከለኝ።”

ካውያ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ነገር ይዛ ነበር፤ እሱ ይወደኛል፣ የሚፈራው እናቱን ነው የሚል። በዚያ ተደግፋ አንድ ዓመት ቆማለች። አሁን እናትየው ከፊቷ ቆመው እጇን ይዘዋታል፤ የሚፈራ ነገር የለባቸውም። አልቅሳ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም።

ሲወጡ እናትየው በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ አንሶላ ሰጧት። “ለእጮኛሞች ብዬ የገዛሁት ነው” አሉ፣ ሁሉም እየሰሙ። ይህን ሲሉ ግን የሚያዩት ልጃቸውን ነበር። እሱም ዓይኑ እንደለመደው ሸሸ።

የመልሱ ጉዞ በፀጥታ ሆነ። ነርሷ ከወንድሟ ጎን ከፊት ተቀምጣ አንድም ቀልድ አልወጣትም። መንገድ ላይ ቤንዚን ሊቀዱ ሲቆሙ ሾፌሩ እህቱን ይዟት ወረደ። ወደ ኋላ ወንበር መስኮት ጎንበስ ብሎ፣ “እኔ የምታውቂ መስሎኝ ነው፤ እንዲያው ይቅር በይኝ” አላት ካውያን። ካውያ ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት። በእሱ አልተቀየመችም።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አንሶላው ጭኗ ላይ ነው።

“እናትህ እኮ አይደሉም” አለችው።

“ምኑ?”

“የከለከሉህ። ኮሌታውን አይተውብሃል። ሁሉንም ነግረውኛል።”

ኮሌታ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፣ ስፌቱን ዳሰሰው፣ እጁን መለሰ። “እወድሻለሁ” አላት።

“አውቃለሁ። እሱን መች ጠየቅኩህ? ለምን ደበቅከኝ ነው የምልህ።”

“የሥራ ጓደኞቼ... የአክስቶቼ ልጆች... ‘ምን ትሠራለች?’ ሲሉኝ የምመልሰው ቃል አፌ ላይ ሲመጣ...” ጨርሶ ሊናገረው አልቻለም።

“ልብስ ትተኩሳለች” አለችው ካውያ። “እንዲህ ነው የሚባለው። ሁለት ቃል ነው። አንተ በእናትህ ላይ በሽታ ከምትፈጥር ይቀል ነበር።”

“ጊዜ ስጪኝ።”

“ዛሬ ሾፌሩ መዋሸት አቅቶት እውነቱን ተናገረልህ። አንተ እውነቱን እየሰማህ ውሃ ቀዳህ! ስትቀዳ እጅህን አየሁት፤ አንድ ጠብታ አላፈሰስክም። ቢንቀጠቀጥልኝ ኖሮ...” ድምጿ ተቆረጠ። “ቢንቀጠቀጥልኝ ኖሮ በዚያ ይቅር እልህ ነበር።”

እነ ሾፌሩ ተመለሱ፤ መኪናው ተነሳ። የከተማቸው ዳር መብራቶች ሲታዩ ነርሷ ፀጥታውን መሸከም አቃታት። አንድ ልማድ አላቸው፤ ከጉዞ ሲመለሱ ቤት ሳይገቡ ቀጣዩን ያቅዳሉ።

“በቃ እንግዲህ ለቀጣዩ እንምረጥ” አለች በተሰበረ ድምፅ። “እኔ... እኔ የትም። አንተስ ወንድሜ?”

“እኔ ቤቴ መተኛት ነው የምመርጠው” አለ ሾፌሩ።

ኮሌታ ከወንበሩ ተስተካከለ። ሁለቱም ጓደኞቹ እየሰሙ፣ ቃላቱን እየለየ፣

“እኔ የምመርጠው የእናቴን ቤት ነው” አለ። “ከእሷ ጋር። በሩ ላይ እኔ እጇን ይዤ። እጮኛዬ ናት፣ ልብስ ተኳሽ ናት ብዬ።” ወደ ካውያ ዞረ፤ ዓይኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሸሸም፣ እንባ ሞልቶበት ነበር። “ሕግ ሕግ ነው፤ በዚህ ቦታ ላይ እምቢ አይባልም።”

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። ሾፌሩ የመኪናውን ፍጥነት እንደቀነሰ አልታወቀውም። ካውያ አንድ ዓመት ሙሉ የናፈቀችው ቃል ይኸው ነው፤ አንድም የጎደለው የለም። ልቧ ወደ እሱ ሄደ። አልዋሻችሁም፣ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ግን ያገኘው ያንኑ ገበታ፣ ያንኑ ነጭ ጨርቅ፣ ያንኑ ሳይንቀጠቀጥ ውሃ የሚቀዳ እጅ ነበር። ተመለሰ።

የተጠቀለለውን አንሶላ ከጭኗ አነሳችና ጭኑ ላይ አኖረችው።

“ይህ ለእጮኛሞች የተሰጠ ነው” አለችው። “እዚህ መኪና ውስጥ እጮኛ የለም።”

“ካውያ...”

“እምቢ” አለች።

በእነዚያ አራት ሰዎች መሃል በተመረጠ ቦታ ላይ ይህ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነው። ጮክ ብላ አላለችውም። ሾፌሩ እነ ካውያ ቤት በር ላይ ሲያቆም ካውያ ወረደች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ማታ ጀምሮ የተቀየመቻቸው እናቷ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ምንም አልጠየቋትም። እሷም ስትደርስ አንገታቸው ስር ገባችና፣ ያን ቀን ሙሉ እምቢ ያላት እንባ ያኔ መጣላት።